በግንቦት የተበላው ክረምት

ሰው የራሱን ገንዘብ አይሰርቅም ይባላል። ይሰርቃል። ሲሰርቅ አይቻለሁ፤ ከሰረቀውም ላይ ቀርቦልኝ በልቻለሁ። ሥጋው ጥሩ ነበር።

ይህን ስናገር ደብረ ማርቆስ ያሉ ወዳጆቼ ይቆጡኛል። «ሰውዬው ከኪሱ አውጥቶ ድርጅት አቋቋመ፤ ከዚያው ላይ ትንሽ ቢጠቀም ምን ይገርማል? ላም ያለው ወተት ይጠጣ የለም ወይ?» ይሉኛል። የረሱት ነገር ላሟን መስጠቱን ነው። ለሰው የሰጣትን ላም በማግሥቱ ሄዶ የሚያልብ ሰው ባላገር ውስጥ የታወቀ ስም አለው። ከተማ ስንገባ ስሙ ይጠፋብንና «መሥራች» እንለዋለን።

የማወራው ስለ አንድ መሥራች ነው። ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ ጮቄ ሥር ካለ ቀበሌ የወጣ ሰው ነው። በወጣትነቱ የበግ ቆዳ እየሰበሰበ ደብረ ማርቆስ ያወርድ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ ገባ፤ የብረት ነጋዴ ሆነ፤ ብረቱም እያደር ሕንፃ ሆነለት። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምናገረው ላዝንለት ብዬ አይደለም። ክፉ ሰው የበጎ አድራጎት ድርጅት አያቋቁምም፤ ለዚህ ጊዜ የለውም። ባለሀብቱ እንባው ቅርብ፣ እጁ ያልታሰረ፣ አባቱን የሚወድ፣ ሲመርቁት አንገቱን የሚደፋ ሰው ነበር። ጉዳቱን ያደረሰውም በእነዚሁ ጠባዮቹ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ሞባይል ስልክ ገና የከተማ ሰው ጌጥ በነበረበት ጊዜ ነው። በባለሀብቱ የትውልድ ደብር አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ነበር። ተማሪዎቹ የሰፈሩ ልጆች አይደሉም፤ ከይጁቤ፣ ከጉንደ ወይን፣ ከዓባይ ማዶም የመጡ ናቸው። እናቱ ጓዳ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ቅኔ አይገባውም ይባላል፤ ስለዚህ ሁሉም ከቤቱ ይርቃል። ከቤቱ የራቀ ደግሞ መብላት አለበት። ተማሪዎቹ መንደሩን ተከፋፍለው፣ ቁራሽ የሚያጠራቅሙበትን አኩፋዳ በትከሻቸው አንግተው፣ በየደጁ እየቆሙ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ። ባለቤቲቱ ያላትን ታወጣለች፤ ቁራሽ እንጀራ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እፍኝ ቆሎ። ይህ መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ሲሰጥም «ሰጠሁ» የሚል አልነበረም። ሰው በር ሲዘጋ «ዛሬ በር ዘጋሁ» ብሎ አያወራም።

ባለሀብቱ ለበዓል አገሩ ገብቶ ይህን በአባቱ ደጅ ሲያይ አፈረ።

«መምህር፣ የአገሬ ልጅ በዚህ ዘመን ከውሻ ጋር እየታገለ ሲበላ ማየት አልችልም» አለኝ።

እኔ ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ አስተምር ነበር። ጋዜጣ ላይ ጥቂት መጣጥፍ አውጥቼ ስለነበር «የሚጽፍ ሰው» ተባልኩና የድርጅቱ ቦርድ አባል ሆንኩ። አራት ነበርን። ባለሀብቱ ሰብሳቢ፣ እህቱ አባል፣ የሚስቱ ወንድም ሥራ አስኪያጅና ጸሐፊ፣ እኔ ደግሞ ከዘመድ ውጪ ያለ ሰው። ለሕጉ አንድ ከዘመድ ውጪ ያለ ሰው ያስፈልግ ነበር። የጉባኤ ቤቱን መምህር፣ ሁላችንም የኔታ የምንላቸውን ሰው፣ ቦርዱ ውስጥ እናስገባቸው ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አይሆንም አለ።

«የኔታ ተጠቃሚ ናቸው። የጥቅም ግጭት ይፈጠራል።»

ከእህቱ ባል ከባለሀብቱ አጠገብ ተቀምጦ ነው ይህን ያለው። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም፤ ምሳ እየቀረበ ነበር።

ድርጅቱ በባለሀብቱ አባት ስም ተሰየመ። አባትየው በሕይወት ነበሩ፤ ስማቸው ታፔላ ላይ ተጽፎ ሲያዩ «ሞትኩ እንዴ?» ብለው ጠየቁ አሉ። ገንዘቡ መጀመሪያ የባለሀብቱ ነበር። ወዲያው ግን የሌላም ሰው ገንዘብ ገባበት። የአገሩ ተወላጅ ነጋዴዎች፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች፣ የመንግሥት ሠራተኞች በየወሩ ያዋጡ ጀመር። ደብረ ማርቆስ አብረውኝ የሚያስተምሩ ሰዎች ከደመወዛቸው ይቆረጥባቸው ነበር። «የቆሎ ተማሪ በላ» ሲባል ደስ የማይለው የጎጃም ሰው የለም።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆሞ ሳለ ባለሀብቱ ተናገረ። «ከዛሬ ጀምሮ የእነዚህ ልጆች ቀለብ በእኔ ነው። አኩፋዳ የሚባል ነገር ደጃችሁ አይመጣም።» እልል ተባለ። ከጉባኤ ቤቱ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ተሰማ።

«እሰይ! እሰይ! የእኔም ውሻ ጉሮሮው ይረፍ!»

ሕዝቡ ሳቀ። የኔታ አልሳቁም። በመቋሚያቸው ተደግፈው ባለሀብቱን አዩት። በልጅነቱ ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ስለሆኑ አንተ ይሉታል።

«መልካም ነው ልጄ። ክረምቱንስ?»

«የክረምቱ ከበጋው ይጠራቀማል፣ የኔታ። መጋዘን እሠራለሁ።»

«አንተ ስትታመምስ?»

«ድርጅት አይታመምም። አይሞትም። የድርጅት ጥቅሙ ይኸው ነው።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መስማማታቸው ይሁን አይሁን አልለየሁም። በልጅነቴ ቅኔ ልማር ብዬ እሳቸው ዘንድ ጥቂት ወራት ሰንብቼ «አንተስ ዘመናዊውን ሞክር» ተብዬ የተሸኘሁ ሰው ነኝ። ሲነቀንቁ ምን ማለታቸው እንደሆነ ያን ጊዜም አይገባኝም ነበር።

እውነቱን መናገር ስላለብኝ እናገራለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ነበሩ። የድንጋይ መጋዘን ተሠራ። ገብስና ስንዴ በአይሱዙ መጣ። ምግብ የምታበስል ሴት ተቀጠረች። ተማሪዎቹ ለልመና የሚያጠፉትን ሰዓት ለቅኔ ያውሉት ጀመር። ቅኔያቸው ተሻሻለ ወይ ብዬ የኔታን ስጠይቃቸው «እንቅልፋቸው ተሻሽሏል» አሉኝ። ቢሆንም ጠገቡ። ጠግቦ ለተኛ ልጅ የማይደሰት ሰው አይደለሁም።

በመንደሩ ግን ሌላ ነገር እየሆነ ነበር፤ ድምፅ ስላልነበረው ማንም አላየውም። በዚያ ደጋ እያንዳንዱ ቤት አዝመራ ሲያስገባ የራሱን፣ የዘሩን፣ የእንግዳውን፣ የተማሪውን በልቡ አስቦ ነበር ጎተራውን የሚሞላው። የተማሪው ድርሻ ቀረ። ቀሪው ተሸጠ፤ ቆርቆሮ ተገዛበት፤ ለልጅ ደብተር ተገዛበት። ክፉ ነገር አልተደረገበትም። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ግን የተማሪ ድርሻ የሚባል ነገር ከመንደሩ ሐሳብ ወጣ። ውሾቹም እንዲሁ። ድሮ ተማሪ የሚያውቁ ውሾች አርጅተው ሞቱ፤ አዲስ የተወለዱት አኩፋዳ የያዘ ሰው አይተው አያውቁም።

ባለሀብቱ በዚህ ጊዜ ድርጅቱን እየለመደው ሄደ። ከመጋዘኑ አጠገብ «ለጎብኚ ለጋሾች» ተብሎ የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚ ለጋሾች ለጥምቀት የመጡ ልጆቹና አማቱ ነበሩ። «ለቀለብ ማመላለሻ» ተብሎ ከቀረጥ ነፃ ፒክአፕ ገባ። ለፋሲካ የቤቱን በጎች፣ ለመስቀል የቤቱን ማርና ቅቤ አዲስ አበባ ያመላልስ ነበር። በግም ቀለብ ነው፤ ማርም ቀለብ ነው። ቦርዱ ላይ ሲቀርብ «የፕሮጀክት ክትትል» ይባላል። ሁሉም ነገር ትንንሽ ነበር። ትንንሽ ነገር የሚቃወም ሰው ደግሞ ትንሽ ሰው ይባላል። አንድ ጊዜ ስለ በጎቹ ባነሣ እህቱ «መምህር፣ አንተ በግ ትቆጥራለህ፣ እሱ ነፍስ ይቆጥራል» አለችኝ። አባባሉ ስለጣመኝ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

በኅዳር አባትየው ዐረፉ። አርባቸው አዲስ አበባ በልጃቸው ቤት ወጣ። ዋናው ተዝካር ግን በአገራቸው፣ መንፈቃቸው ሲሞላ፣ ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋ በግንቦት እንዲሆን ታሰበ። ለማያውቅ ልንገር፦ ተዝካር ለሟች ነፍስ የሚቀርብ ግብዣ ነው። ካህናት ይጸልያሉ፤ ድሃ ይበላል፤ የሟች ቤተሰብ ወገቡን ታጥቆ ያስተናግዳል። ሸክሙ የቤተሰቡ ነው። ሰው ለአባቱ ተዝካር በሬውን ይሸጣል፤ መሬቱንም በወለድ አግድ ለአበዳሪ የሰጠ አለ። ሸክም መሆኑ ነው ትርጉሙ።

ቦርዱ በሚያዝያ ደብረ ማርቆስ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የዛሬው አጀንዳ አንድ ነው። የምገባ መርሐ ግብር።»

«የማን ምገባ?» አልኩት።

«የድሆች፣ የካህናት፣ የተማሪዎች። በግንቦት።»

«በግንቦት የጋሼ አባት መንፈቅ አይደለም ወይ?»

«ይገጣጠማል» አለ።

ፊቱን አየሁት። ምንም አይታይበትም። ይህ ሰው ቲያትር ቤት ቢገባ ኖሮ አገር ይጠቀም ነበር።

«ጋሼ» አልኩት ባለሀብቱን፣ «መጋዘን ያለው እህል የክረምት ነው። በግንቦት ከተበላ እስከ መስከረም ምን ይበላሉ?»

«መምህር፣ ድርጅቱ የማን ስም ነው ያለው?»

«የአባትዎ።»

«ታዲያ የአባቴ ድርጅት የአባቴን ተዝካር ባያወጣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ከኪስዎ ያውጡታ።»

«ድርጅቱ የማን ኪስ ነው?» አለ። እየቀለደ አልነበረም። በእውነት ግር ብሎት ነበር። «እስኪ አስረዳኝ። የክረምቱን እህል የሚበላው ማን ነው? ድሃ። ተዝካሩን የሚበላው ማን ነው? ያው ድሃ። ተማሪዎቹም ይበሉ የለም? ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ለቤተ ክርስቲያን የሰጡትን ጧፍ ቤትዎ ቢጨልም ሄደው ያመጡታል?»

እህቱ ከእሱ ቀድማ መለሰች። «ኧረ አንተ ሰው! አባቱ ሞቶበት በጨለማ ይቀመጥ?»

ባለሀብቱ እንባው መጣ። አባቱን አስቦ ነው፤ እውነተኛ እንባ ነበር። ዓይኑን ጠርጎ «ሐምሌ ሳይገባ እጥፍ አድርጌ እተካዋለሁ» አለ። አመንኩት። እሱም ራሱን አምኖ ነበር። እጅ አወጣን። እኔ ብቻ ተቃወምኩ። ሥራ አስኪያጁም «በአንድ ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ አነበበልን።

ያን ጊዜ ለምን ከቦርዱ አልወጣህም የሚለኝ አለ። ብወጣ ቦታዬን የሥራ አስኪያጁ ወንድም ይይዘዋል ብዬ ነው። ኋላም ይዞታል።

ተዝካሩ ያማረ ነበር። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕ አርብ የሚባል ጾም የለም፤ ሥጋው ሳይቋረጥ ዋለ። ዳሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስከ ወንዙ ዳር ተጥሎ ነበር። ባለሀብቱ ነጠላውን አደግድጎ፣ ላብ እየጠረገ፣ ለለማኙ በእጁ ያጎርስ ነበር። ከዳሱ በላይ የድርጅቱ ባነር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ፎቶ ይነሣል። ከመጋዘኑ ስንዴና ገብስ ወጥቶ ጠላም እንጀራም ሆኗል፤ ለበሬዎቹ መግዣ የክረምቱ መጠባበቂያ ብር ሄዷል። ተማሪዎቹ እንደ ልማዱ ቅኔ ተቀኙ፤ ከዚያ በሉ። ጠግበው፣ ተሳስቀው፣ አጥንት እየተሻሙ በሉ። ክረምታቸውን በአንድ ቀን ሲበሉ ተቀምጬ አየሁ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ቁርጥ ቀረበልኝ።

የኔታ አጠገቤ ነበሩ።

«የኔታ፣ ምንም አይሉም?»

«ምን ልበል?»

«ይህ እህል የማን እንደሆነ ያውቃሉ።»

«ልጄ፣ በተዝካር ላይ ሟች ይታሰባል እንጂ ነገር አይነሣም። ብላ።»

በላሁ።

እስከዚያ ድረስ የመሰለኝ አንድ የእህል ስርቆት ነው። ድርጅት ያለው ሀብታም ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው ግን ከእህሉ እንዳልሆነ የገባኝ ሰኔ ሲገባ ነው።

ሰኔ ዝናቡን ይዞ መጣ፤ እህሉ አልመጣም። ሥራ አስኪያጁ «የብረት ዋጋ ወርዷል፤ ትንሽ ታገሡ» አለ። ተማሪዎቹ ታገሡ። መጋዘኑ ተጠርጎ የመጨረሻው ብናኝ ገንፎ ከሆነ በኋላ ከየጎጇቸው አኩፋዳቸውን ፈልገው አወጡ። አንዳንዱን አይጥ በልቶት ነበር። እንደ ድሮው ሰፈር ተከፋፍለው ወረዱ።

በእኚያ ባልቴት ደጅ የቆመው ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሳይጨርስ ውሻው ባቱን ያዘው። ባልቴቲቱ ድንጋይ ወርውረው አስጣሉት፤ ከዚያ ልጁን ይገስጹት ጀመር። ይህን በኋላ ከራሳቸው ነው የሰማሁት።

«አንተ ደግሞ ምን ትሠራለህ እዚህ? ድርጅት ያበላችሁ የለም ወይ?»

«አያበላንም እማማ። አልቋል።»

«ወግድ! በግንቦት በሬ ስትበሉ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት አንተን አይደለም? ያን ሁሉ ሥጋ የሰጣችሁን ሰው ታሙታላችሁ? ሆድ ነው እንጂ የበዛባችሁ፣ እህልስ አልጎደላችሁም።»

በሌላውም ደጅ መልሱ ይኸው ነበር። ሰዎቹ ጨካኞች አልነበሩም። ሐምሌ ላይ የራሳቸውም ጎተራ ወደ ታች ወርዷል፤ የተማሪ ድርሻ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ነው ከውስጡ የወጣው። ከሁሉም በላይ ግን ያበላቸዋል የተባለ ሰው አለ። ያበላዋል የተባለን ሰው ማን ያበላል? ተማሪዎቹ እህል ብቻ ቢያጡ ኖሮ እንደ ማንኛውም ረኃብተኛ ለምነው ያድሩ ነበር። የሚያበላ ስላላቸው ለመለመንም አልቻሉም።

በሐምሌ መጀመሪያ ባለሀብቱ መጣ። እህል ይዞ አይደለም፤ ውጭ አገር የሚኖሩ አዋጪዎች ሊጎበኙ ስለሆነ ማረፊያው መጽዳቱን ለማየት ነው። መምጣቱን ሰምቼ ከደብረ ማርቆስ ወጣሁ፤ የኔታን ይዤ እኩለ ቀን ላይ ማረፊያው ገባን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር፤ እየጮኽን ነው ያወራነው።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ባለሀብቱ ተነሥቶ ጉልበታቸውን እየሳመ። «ሥራ ነው የያዘኝ። እህሉ ይመጣል።»

«ስለ እህሉ አልመጣሁም።»

«ታዲያ?»

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁምና ‹ተማሪዎቹን አሁን እኔ አላበላቸውም› በል። ይህችን ብቻ። ሌላውን ሕዝቡ ያውቅበታል።»

ባለሀብቱ ሳቅ አለ፤ ከዚያ የሚያስቅ እንዳልሆነ ገባው።

«እንዴት ብዬ ነው ይህን የምለው?»

«በአፍህ።»

«የኔታ! እንግዶች እየመጡ? ሦስት ዓመት ሙሉ አላበላሁም?»

«አብልተሃል። ዋጋህን እግዚአብሔር ይክፈልህ። አሁን ግን አታበላም። አለማብላት እኮ ነውር አይደለም፤ አገሩ በሙሉ አያበላም። አንተ ግን ሳታበላ የሚያበላ ተብለህ ደጃችን ላይ ቆመሃል። ፈቀቅ በልልን፤ ሌላው ሰው ይለፍ።»

ሥራ አስኪያጁ ከጥግ ሆኖ ገባበት። «የኔታ፣ ታዲያ እርስዎ ራስዎ ለምን አይነግሯቸውም?»

የኔታ ዞረው አዩት። «እኔ የአባቱን ተዝካር በልቻለሁ» አሉ።

ጎጃም ላላደገ ሰው ይህ መልስ ላይሆን ይችላል። የሰውን ተዝካር የበላ ሰው ዞሮ የዚያን ቤት ስም አያነሣም። የሟቹን ነፍስ ማሰብና የልጁን ስም ማጥፋት ባንድ አፍ አይሆንም። ካህናቱ በልተዋል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር በልቷል፤ ባልቴቲቱም ውሻቸውም በልተዋል። አገሩ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ በልቶ አፉን ይዟል። ባለሀብቱ በተማሪ እህል የገዛው ይህን ነበር። ይህን ሲገዛ አላወቀም ብዬ አምናለሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ማወቅ አለማወቁን ግን እጠራጠራለሁ።

«ሌላ ይጠይቁኝ» አለ ባለሀብቱ። «ሕንፃ ልጨምር፣ ጉባኤ ቤቱን ቆርቆሮ ላልብሰው። ይህን ብቻ አይጠይቁኝ፣ የኔታ። ስሜ ነው። የአባቴም ስም ነው።»

«ስምማ ይበላ ቢሆን ኖሮ በቂ አለን» አሉ የኔታ።

ባለሀብቱ ከኪሱ ብር አውጥቶ «ይህ ለእርስዎ ለራስዎ ነው» ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። የኔታ ይመልሱታል ብዬ ጠበቅሁ። አልመለሱም፤ ተቀበሉ። የሰው ልጅ ሰብስቦ የሚያሳድር ሰው የመኩራት አቅም የለውም። በማግሥቱ ሮብ ገበያ ልከው ገብስ ገዙበት። ለጥቂት ቀን ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናገራለሁ፤ በአጭሩ ነው የሆነውም። ጉባኤው ተበተነ። የኔታ ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን እየከፈሉ፣ እየመረቁ፣ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሰደዷቸው። በዝናብ፣ ጭቃ እያቦኩ፣ ወንዝ ሲጎድል እየጠበቁ ሄዱ። ነሐሴ ላይ የቀሩት እግሩ የቆሰለውና መሄጃ የሌላቸው ጥቂቶች ነበሩ። አንዱን፣ ሊመረቅ ትንሽ የቀረውን፣ በኋላ ደብረ ማርቆስ በአንድ ሆቴል በር ላይ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ አገኘሁት። ቦርዱ የሚሰበሰብበት ሆቴል ነው። «እንደምን ዋልክ» ስለው በቅኔ መለሰልኝ፤ አልገባኝም።

ባለሀብቱ በመስከረም ቃሉን ፈጸመ። እህሉ እጥፍ ሆኖ መጣ። መጋዘኑ ሞላ። የሚበላው ጉባኤ ግን ተበትኗል፤ ለቀሩት ጥቂቶች ብሎ መጋዘን የከፈተ አልነበረም፤ እዚያው ነቀዘ።

በጥቅምት አዲስ አበባ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ዓመታዊ የገቢ ማሰባሰቢያ ተደረገ። ሥራ አስኪያጁ የተዝካሩን ፎቶ በትልቁ ግድግዳ ላይ እያሳየ ንግግር አደረገ። ባለሀብቱ ሲያጎርስ፣ ድሃ ሲጎርስ። ከዚያ «አብዛኞቹ ተረጂዎቻችን በዚህ ዓመት ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ውሸት አልተናገረም፤ ወጥተዋል። እኔ ተነሥቼ «ወጥተው የት ሄዱ?» ብዬ ጠየቅሁ። መድረክ መሪዋ ፈገግ ብላ «ጥያቄ በጽሑፍ ነው የምንቀበለው፣ ጋሼ» አለችኝ። ዘወር ብዬ ሰዎቹን አየሁ። አብረውኝ ያስተማሩ፣ በየወሩ የሚቆረጥባቸው ሰዎች ጭምር ነበሩ። ከእኔ ይበልጥ እነሱ ለእኔ አፈሩልኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከቦርዱ በምስጋና ተሸኘሁ፤ ጋቢ ተሰጠኝ። ጋቢው ይሞቃል፤ እስካሁን እለብሰዋለሁ።

«ሕግ የለም ወይ?» ለሚሉኝ፣ አለ። ሕጉ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ይጠይቃል። ለድሃ ምገባ ዋለ። ድሃ በልቷል ወይ? በልቷል። ማስረጃው? ፎቶ። አንድም ሕግ አልተጣሰም። ሕጉ «ለማን ነፍስ ተበላ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «የነገ ነው ወይስ የዛሬ?» ብሎም አይጠይቅም። ሀብታም ድርጅቱን ለራሱ ሊጠቀምበት ይችላል ወይ ብሎ የሚከራከር ሰው ሳገኝ አሁን አልከራከርም። በጎቹን፣ መኪናውን፣ ማረፊያውን እተውለታለሁ። እነዚያ ተለቃቅመው ቢደመሩ ኪሳራው ይቻል ነበር። ያልተቻለው በስሙ ቆሞ የሌላውን እጅ መመለሱ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የኔታን ልጠይቅ ሄድኩ። ጥቂት ተማሪዎች ይዘው ተቀምጠዋል። እዚያው ሳለሁ ባልቴቲቱ ድንች በሰፌድ ይዘው መጡ። ድርጅቱ እንደማያበላ የሰሙት ገና በጥር ነበር፤ የነገራቸውም እህሉ ሲነቅዝ ያየ የመጋዘን ጠባቂ ነው። ሰፌዱን አስቀምጠው ቆሙ። ተቆጥተዋል፤ በማን እንደተቆጡ ግን የለየላቸው አይመስልም።

«የኔታ፣ ያን ክረምት ያን ሁሉ ልጅ ስመልስ ለምን ዝም አሉኝ? ውሻ ነከሰው እኮ! እኔ አስነከስኩት!»

«ቢጠይቁኝ አልዋሽዎትም ነበር፣ እመቤቴ።»

«አልጠየቅሁም?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ድርጅት የመጣ ጊዜ ሁሉም መጠየቅ ተወ።»

ባልቴቲቱ መቋጠሪያቸውን ፈትተው ጨው አወጡና ከድንቹ ላይ በተኑ። ድንቹን በላን። ማንም ፎቶ አላነሣም።

አንባቢዬ፣ እርስዎም ለአንዱ ድርጅት ያዋጡ ይሆናል። ከደመወዝዎም ይቆረጥ ይሆናል። ሪፖርቱን አያንብቡ። መሥራቹንም አይጠይቁ፤ ደግ ሰው ነው፣ ያለቅስብዎታል። ይበላል ወደተባለው ሰው ራስዎ ይሂዱና «ትናንት በልተሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁት። «አልበላሁም» ካለዎት መዋጮዎን ዛሬውኑ ያቁሙና ለእሱ ይስጡት።